ውድ ዳክ ከመግዛትህ በፊት

ልጄ፣ ሙዚቃን በቁም ነገር ለማዳመጥ መወሰንህንና ለዚሁ ገንዘብ ማጠራቀምህን ስሰማ ደስ ብሎኛል። ዘፈን ሁሉ በስልክ ተከፍቶ ከሌላ ሥራ ጋር እየተደረበ በሚሰማበት ጊዜ፣ ቁጭ ብሎ አንድ ዘፈን ከመግቢያው እስከ መውጫው የሚያዳምጥ ወጣት ሲገኝ ልብ ይሞላል። «የትኛውን ዳክ ልግዛ?» ብለህ ስትጠይቀኝ ግን የአንድ ዕቃ ስም ጠርቼ ልሸኝህ አልፈለግሁም። ገበያው ከአሥር ዶላር በታች ከሚሸጥ ቁራጭ ገመድ ተነሥቶ እስከ መኪና ዋጋ ይደርሳል፤ በመካከሉም ገንዘቡን ያለ ቦታው የሚያፈስ ሰው ብዙ ነው። አቋሜን አስቀድሜ ልንገርህ። ዳክ በቀረጻው ውስጥ የሌለውን አይጨምርም። ስለዚህ የሚመረጠው በስሙና በዋጋው ሳይሆን አንተ ቤት በሚሰጠው አገልግሎት ነው። ምክንያቴን በተራ ቁጥር አስቀምጬልሃለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

1. ሥራውን ሳታውቅ ዋጋውን አትጠይቅ።

ዲጂታል ሙዚቃ ሲቀመጥ ቁጥር ነው። ስፒከር ደግሞ ቁጥር አያውቅም፤ የሚያንቀሳቅሰው ከፍ ዝቅ የሚል ኤሌክትሪክ ነው። ቁጥሩን ወደ ኤሌክትሪክ ሞገድ የሚመልሰው ክፍል ዳክ ይባላል። ሶኒና ፊሊፕስ በ1982 ለገበያ ያቀረቡት ሲዲ ለግራውም ለቀኙም ድምፅ በየሰከንዱ 44,100 ናሙና ይይዛል። እያንዳንዱ ናሙና 16 ቢት ነው፤ ይህም ከ65,536 እርከኖች አንዱን ያመለክታል ማለት ነው። ስልክህ፣ ቴሌቪዥንህና ላፕቶፕህ እያንዳንዳቸው በውስጣቸው ዳክ አላቸው። ለብቻው የሚሸጠው ዳክ የሚሠራው ያንኑ ሥራ ነው፤ ልዩነቱ ከኮምፒውተሩ የኤሌክትሪክ ረብሻ ርቆ፣ በተሻለ ጥንቃቄ መሥራቱ ነው።

ሻጮች የሚያሳዩህ አንድ ሥዕል አለ። ሞገዱ እንደ ደረጃ ተቆራርጦ ይታይና «ናሙናው ሲበዛ ደረጃው ይለሰልሳል» ይሉሃል። አትመን። ከመጨረሻው ማጣሪያ የሚወጣው ሞገድ ደረጃ የለውም። ሃሪ ናይክዊስት የጀመረውንና ክላውድ ሻነን በ1949 ባሳተመው ጽሑፍ ያስረዳውን የሒሳብ ሕግ ያዝ፦ በሰከንድ የምትወስደው ናሙና በሞገዱ ውስጥ ካለው ከፍተኛ ድግግሞሽ እጥፍ በላይ ከሆነ፣ ሞገዱ ሳይጎድል መልሶ ይገኛል። የ44,100 ግማሽ 22,050 ነው። ጤነኛ የልጅ ጆሮ የሚሰማው ቢበዛ እስከ 20,000 ኸርዝ ነው፤ ዕድሜ ሲገፋ ደግሞ ይህ ይቀንሳል። የሲዲ ልክ የተመረጠው ይህ ሁሉ ታስቦ ነው።

2. መልካም ዳክ የራሱ ድምፅ የለውም።

ዳክ እንደ እህል ሚዛን ነው፤ የተመሰገነው ሚዛን ከጆንያው ላይ ምንም ሳይጨምርና ሳይቀንስ ልኩን የሚናገረው ነው። የዳክን ታማኝነት የሚነግሩህ በተለይ ሁለት መለኪያዎች ናቸው፦ ከራሱ የሚያወጣው ረብሻና በሞገዱ ላይ የሚያደርሰው መዛባት። 16 ቢት በንድፈ ሐሳብ በጣም ረቂቁንና በጣም ጮክ ያለውን ድምፅ በ96 ዴሲቤል ያህል ይለያያል። ይህ ምን ያህል ሰፊ እንደሆነ ከክፍልህ ጋር አስላው። ሌሊት ጸጥ ያለ መኖሪያ ክፍል እንኳ 30 ዴሲቤል አካባቢ የራሱ ድምፅ አለው። በዚያ ላይ 96 ብትደምር 126 ይሆናል፤ ይህ ጆሮን የሚያሳምምና የሚጎዳ ኃይል ነው። በቤት ውስጥ የሲዲን ወለልና ጣራ አንድ ላይ የሚሰማ ሰው የለም።

አሁን የገበያውን ሁኔታ ተመልከት። አፕል አሜሪካ ውስጥ በ9 ዶላር የሚሸጠው ትንሽ የጆሮ ማዳመጫ ማገናኛ በውስጡ ዳክ አለው፤ በመለኪያ ሲፈተሽ ለሲዲ የሚያንስ አይደለም። ከመቶ እስከ ሁለት መቶ ዶላር ባለው ዋጋ እንደ ቶፒንግና ኤስኤምኤስኤል ያሉ የቻይና አምራቾች የሚያወጧቸው ዳኮች በእነዚያ ሁለት መለኪያዎች ከ110 ዴሲቤል ያልፋሉ፤ ወደ 120 የሚጠጉም አሉ። ከሰላሳ ዓመት በፊት እንዲህ ያለ ንጽሕና ለቤት አድማጭ በዚህ ዋጋ አይገኝም ነበር። ይህን መቀበል ለብዙ ሰው ከባድ ነው፤ ውድ ነገር የግድ የተሻለ ድምፅ ይሰጣል ብለን ስላደግን። በዚህ መሣሪያ ዘንድ ግን የጆሮ ገደብ የሚሞላው ገና በርካሹ ነው።

ወደ ራሳችን ሙዚቃ ስትመጣ ነገሩ ይበልጥ ይጎላል። አምሃ እሸቴ በ1969 አምሃ ሪከርድስን አቋቁሞ ያሳተማቸው፣ ዓሊ አብደላ ካይፋ በካይፋ ሪከርድስ ያወጣቸው ሥራዎች በሸክላ የተሰሙ ናቸው። ከዚያ በኋላ የመጣው ዘመን ደግሞ የካሴት ነው። ሸክላ በመልካም ሁኔታ ላይ ሆኖ ከ60 እስከ 70 ዴሲቤል ያህል ይሰጣል፤ የረብሻ መቀነሻ የሌለው ካሴት ደግሞ 50 አካባቢ ነው። ፍራንሲስ ፋልሴቶ ያዘጋጀው «ኢትዮጵክስ» የተባለው የሲዲ ተከታታይ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ እነዚያን ሥራዎች ለዓለም ሲያዳርስ፣ የጥራቱ ገደብ የተወሰነው በተገኘው ቴፕና ሸክላ ነው። የማህሙድ አሕመድን የ1970ዎቹ ዘፈን በመቶ ዶላር ዳክ ብትሰማው በአሥር ሺህ ዶላሩ ላይ ያለው ሁሉ አለ፤ ጥሩምባው፣ የስቱዲዮው ጠባብነት፣ ከበስተጀርባ ሽሽ የሚለውም ድምፅ ሳይቀር።

3. በቺፕ ስም አትማረክ።

ዳክ ወዳዶች ሲገናኙ መጀመሪያ የሚጠያየቁት «ውስጡ ምን ቺፕ አለው?» ብለው ነው። ዛሬ አብዛኛው ዳክ የሚሠራው ዴልታ ሲግማ በተባለው ዘዴ ነው፤ በጥቂት ቢት ግን እጅግ ፈጣን በሆነ ናሙና ይሠራና ረብሻውን ጆሮ ወደማይደርስበት ከፍታ ይገፋዋል። የካሊፎርኒያው ኢኤስኤስና የጃፓኑ ኤኬኤም የታወቁ የቺፕ ሠሪዎች ናቸው። በጥቅምት 2020 የኤኬኤም ፋብሪካ ኖቤኦካ ከተማ ላይ ለቀናት ሲቃጠል ቺፖቹ ከገበያ ጠፉ። ያን ጊዜ ብዙ አምራቾች ዕቃቸውን በሌላ ቺፕ እንደገና ነድፈው ሥራቸውን ቀጠሉ። የጀርመኑ አርኤምኢ ኤዲአይ-2 የተባለውን ዳኩን ከኤኬኤም ወደ ኢኤስኤስ ቀይሮ በዚያው ስም መሸጡን አላቋረጠም። ከዚህ የምትማረው ነገር አለ። ቺፑ የዕቃው አንድ አካል ነው፤ በዙሪያው ያለው የኃይል አቅርቦት፣ ሰዓት ጠባቂው፣ የመውጫው ሰርኪውትና የመሐንዲሱ ጥንቃቄ ናቸው ውጤቱን የሚወስኑት።

ሁለተኛው ዘዴ የሬዚስተር መሰላል ነው፤ አር ቱ አር ይሉታል። እያንዳንዱ ቢት የራሱ ማብሪያ ማጥፊያና ሬዚስተር አለው። ሐሳቡ ግልጽና ውብ ነው፤ ሥራው ግን አድካሚ ነው። ለ16 ቢት ትክክለኛነት የትልቁ ቢት ሬዚስተር ስሕተት ከ65,536 አንድ እጅ፣ ማለትም 0.0015 በመቶ አካባቢ መብለጥ የለበትም። ተራ ሬዚስተር የሚሸጠው በ1 በመቶ ልዩነት ነው። እነ ሆሎ ኦዲዮና ዴናፍሪፕስ ይህን ለማሸነፍ ብዙ ይደክማሉ፤ ዋጋቸው ከፍ የሚለውም በከፊል በዚህ ነው። ለጆሮ የተለየ ጸጋ ግን ከዘዴው አይመጣም።

ከመሰላሉ ጋር አብሮ ብዙ ጊዜ የሚመጣ «ኖስ» የሚባል አሠራር አለ። ናሙናውን ሳያበዛና ሳያጣራ እንዳለ የሚያወጣ ነው። ሰዎች «የሸክላ ለስላሳነት አለው» ብለው ያመሰግኑታል። የለስላሳነቱ ምንጭ ይታወቃል። በሲዲ ፋይል ላይ በ10,000 ኸርዝ ሦስት አራተኛ ዴሲቤል ያህል፣ በ20,000 ደግሞ ከ3 ዴሲቤል በላይ ስለሚጎድለው ቀጭኑ ድምፅ ይደበዝዛል። ይህን ከወደድከው ውደደው፤ ነገር ግን ያንኑ ውጤት የማንኛውም አምፕሊፋየር የትሬብል ማስተካከያ ያለ ክፍያ ሊሰጥህ እንደሚችል እያወቅህ ይሁን።

4. በካርቶኑ ላይ ላለ ትልቅ ቁጥር አትክፈል።

32 ቢት፣ 768 ኪሎ ኸርዝ የሚል ጽሑፍ ታያለህ። ብራድ ሜየርና ዴቪድ ሞራን በ2007 በአሜሪካ የኦዲዮ ምሕንድስና ማኅበር መጽሔት ያሳተሙትን ሙከራ ልንገርህ። ከፍተኛ ጥራት ያላቸውን ዲስኮች እንዳሉና ወደ ሲዲ ልክ ዝቅ ተደርገው እያፈራረቁ ለአድማጮች አሰሙ። ከ554 ሙከራ ትክክል የተመለሰው 276 ነው፤ ሳንቲም ወርውሮ ከመገመት አልተሻለም። ጆሹዋ ራይስ ደግሞ በ2016 የብዙ ጥናቶችን ውጤት አንድ ላይ ሲመረምር ትክክለኛው መልስ 52.3 በመቶ ሆኖ አገኘው። ስለዚህ ልዩነት አለ ቢባል እንኳ ከመቶው ውስጥ ከግምት በላይ ሁለት ሦስት ጊዜ ብቻ የሚያሳይ ነገር ነው። 24 ቢት በስቱዲዮ ለሚቀርጽ ሰውና ድምፁን በኮምፒውተር ለሚቀንስ ሰው ይጠቅማል፤ ይህን ደግሞ ዛሬ ርካሹ ዳክ ሁሉ ይቀበላል።

ስለ አንድ ልዩ የፋይል ዓይነት ተብሎ ውድ ዳክ የሚገዛበትን ምክንያት ፈጽሞ አትቀበል። ኤምኪውኤ የተባለው በ2014 ብዙ ተወርቶለት ወጣ፤ ሰዎች እሱን የሚያነብ ዳክ ፍለጋ ዕቃቸውን ለወጡ። በ2023 ኩባንያው ዕዳውን መክፈል አቅቶት በአስተዳዳሪ እጅ ገባና ተሸጠ፤ ታይዳል የተባለው የሙዚቃ አገልግሎትም በ2024 ተወው። በሌላ በኩል አፕል ሙዚቃ በ2021 ምንም ያልጎደለበትን ጥራት ለደንበኞቹ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ለቀቀ፤ ለዚህም ምንም ልዩ ሣጥን አላስፈለገም።

5. ውዱ ዳክ ምን እንደሚሸጥልህ እወቅ።

በዚህ ሙያ የሚደክሙትን ሰዎች አክብራቸው። በ1987 ካምብሪጅ ላይ የተመሠረተው የእንግሊዙ ዲሲኤስ የራሱን ዳክ ከቺፕ ገበያው ውጭ ይነድፋል። የኬንቱ ቾርድ በሮብ ዋትስ የተጻፈ ፕሮግራም አምራቹ ራሱ በሚያዋቅረው ቺፕ ላይ ያሠራል። ካሊፎርኒያ ያለው ኤምኤስቢም የራሱን መሰላል ይሠራል። ከአንድ የአሉሚኒየም ጉርድ የተቀረጸ ሣጥን፣ በእጅ የተፈተሸ ክፍል፣ ከዓመታት በኋላ የሚታደስ ፕሮግራም፣ ስልክ ሲደወልለት የሚያነሣ አምራች፤ ይህ ሁሉ ዋጋ አለው። በእጅህ ያለው ገንዘብ ሌላውን ሁሉ ካሟላ በኋላ የተረፈ ከሆነና ዕቃው ሲታይ ልብህን ደስ የሚያሰኘው ከሆነ ግዛ፤ ማንም አይወቅስህም። የምጠይቅህ፣ የምትከፍለው ለእጅ ሥራና ለውበት መሆኑን አውቀህ እንድትከፍል ነው።

ድምፅን በእርግጥ የሚለውጡ፣ ተጨማሪ ገንዘብም የሚገባቸው ነገሮች ሌሎች ናቸው። የአርኤምኢው ኤዲአይ-2 በውስጡ እያንዳንዱን የድምፅ ክልል የሚያስተካክል ኢኳላይዘር አለው፤ ቤቱ የሚያጎላውን ቤዝ በእሱ መቀነስ ትችላለህ። ድምፁ ዝቅ ሲል ጆሮ ቤዝንና ቀጭኑን ድምፅ መስማት ስለሚያቅተው እሱን የሚያካክስ ማስተካከያም አለው። ሌሊት ቤተሰብ ተኝቶ ለሚያዳምጥ ሰው ይህ ከማንኛውም ስም ያለው ቺፕ ይበልጣል።

ሌላው ብዙ ሰው የማያውቀው የጣራ ጉዳይ ነው። የዛሬ ዘፈኖች እስከ መጨረሻው እርከን እየተገፉ ነው የሚታተሙት፤ በሁለት ናሙናዎች መካከል ያለው እውነተኛ ሞገድ ከዚያ ጣራ አልፎ ሲሄድ ብዙ ዳኮች ይቆርጡታል። የሲራኪዩሱ ቤንችማርክ ለዚህ ብሎ 3.5 ዴሲቤል ቦታ በውስጡ ይተዋል። ያንተ ዳክ ይህ ከሌለው በማጫወቻው ላይ ድምፁን 3 ዴሲቤል ያህል ቀንሰህ የጎደለውን በአምፕሊፋየሩ ጨምር። ችግሩ በዚህ አብዛኛውን ጊዜ ያልቃል፤ ወጪ የለውም።

6. መገናኛውን አስቀድመህ ቁጠር።

ምን ታገናኛለህ? ኮምፒውተር ብቻ ከሆነ ዩኤስቢ ይበቃሃል። ዛሬ ያሉ የዩኤስቢ ዳኮች ሰዓቱን የሚጠብቁት ራሳቸው ናቸው፤ ኮምፒውተሩ የእነሱን ፍጥነት ተከትሎ ይልካል። ስለዚህ ባለ ብዙ መቶ ዶላር የዩኤስቢ ገመድ አያስፈልግህም። ቴሌቪዥንም ካለህ ኦፕቲካል መግቢያ ያለውን ምረጥ። ቶሺባ በ1983 ያወጣው ይህ መገናኛ በብርሃን ስለሚሠራ ኤሌክትሪክን ከአንዱ ዕቃ ወደ ሌላው አያሻግርም። ኮምፒውተርህ ቻርጀር ላይ ሲሰካ ከስፒከሩ እምም የሚል ጉርምርምታ ከመጣ፣ በኦፕቲካል ማገናኘት አብዛኛውን ጊዜ ያጠፋዋል። ብሉቱዝ ለእንግዳ ይሁን፤ ሙዚቃውን ጨምቆ ነው የሚያሳልፈው።

አምፕሊፋየርህ ባላንስድ የሚባለው ባለ ሦስት እግር መግቢያ ካለውና ገመድህ ረጅም ከሆነ ያ መውጫ ያለው ዳክ ይጠቅማል። ገመድህ አንድ ሜትር ከሆነ ተራው አርሲኤ በቂ ነው።

7. የቤትህን መብራት አስብ።

ይህን የውጭ አገር መጽሔት አይነግርህም። አገራችን 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው፤ አሜሪካ 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ ነው። ዘመድ ከዋሽንግተን ይዞ የሚመጣልህ ዳክ የኃይል ክፍሉ በውስጡ ካለና ለ120 ብቻ የተሠራ ከሆነ፣ እዚህ የሰካኸው ዕለት ይቃጠላል። ከመላኩ በፊት ከጀርባው ያለውን ጽሑፍ ፎቶ አስነሥተህ አንብብ፤ ከ100 እስከ 240 የሚል ከሆነ ሥጋት የለም። በዩኤስቢ ኃይል በ5 ቮልት የሚሠራ ዳክ ከዚህ ጭንቀት ሁሉ ነፃ ነው።

መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ቮልቱ ከፍ ዝቅ ማለቱ የተለመደ ነው። መብራት ሲጠፋ ሶኬቱን ንቀል፤ ሲመለስም ትንሽ ቆይተህ ሰካ። ጥሩ ስታቢላይዘር ግዛ። ቤትህ የመሬት ሽቦ የሌለው ከሆነ ኤሌክትሪሺያን ጠርተህ አሠራ፤ ለድምፁም ለሕይወትህም ነው።

8. ጆሮህን ፈትነው እንጂ አትመነው።

«ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» ይባላል። የሚባለው ለሐሜት ነው፤ ለዳክ ምርጫም ግን ይሠራል። ሁለት ዳክ ስታወዳድር ከሁሉ በላይ የሚያታልልህ የድምፅ መጠን ነው። ትንሽ ጮክ ያለው ሁልጊዜ «ጥልቅ፣ ግልጽ፣ ሕይወት ያለው» ሆኖ ይሰማል። አንዱ ዳክ 2 ቮልት፣ ሌላው በባላንስድ መውጫው 4 ቮልት ቢያወጣ ልዩነቱ 6 ዴሲቤል ነው፤ እንዲህ ሆኖ ማወዳደር ጊዜ ማባከን ነው።

ትክክለኛው መንገድ ይኸውልህ። ከማጫወቻው የ100 ኸርዝ ቋሚ ድምፅ ልቀቅ። የኤሌክትሪሺያን መልቲሜትር በኤሲ ቮልት ላይ አድርገህ የስፒከሩን ሁለት ጫፍ ለካ። አንደኛውን ዳክ ለካ፣ ሁለተኛውን አስተካክል፤ ልዩነቱ ከ1 በመቶ ብዙ አይብለጥ፤ ይህ 0.1 ዴሲቤል አካባቢ ነው። ርካሽ መልቲሜትር በከፍተኛ ድግግሞሽ ላይ ስለሚሳሳት ነው ዝቅ ያለውን የመረጥኩልህ። ከዚያ ጓደኛህ ከመጋረጃ ኋላ ሆኖ ያፈራርቅልህ፤ የትኛው እንደሚጫወት ሳይነግርህ አንተ ጻፍ። 16 ጊዜ ሞክሩ። 12ና ከዚያ በላይ በትክክል ከለየህ ልዩነት ሰምተሃል ለማለት ትችላለህ፤ በግምት ብቻ ያን ያህል መምታት ከመቶ አራት ጊዜ እንኳ አይደርስም። ከዚያ ካነሰ ርካሹን ይዘህ ውጣ።

ለፈተናው የምታውቀውን ሙዚቃ ውሰድ። የዓለሙ አጋን በገና እመክርሃለሁ። በእያንዳንዱ አውታር ሥር የምትገባዋ የቆዳ ቁራጭ የምታወጣው ዝዝታ በተደራራቢ ድግግሞሽ የተሞላ ነው፤ የተበላሸ መሣሪያ ይህን ዝዝታ ወደ ጭርጭርታ ይለውጠዋል። የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ፒያኖ ደግሞ ድምፁ እየሞተ ሲሄድ እስከ ምን ድረስ እንደምትከተለው ያሳይሃል። ሁለቱም በ«ኢትዮጵክስ» ተከታታይ ውስጥ ይገኛሉ።

9. ገንዘቡን ለስፒከርና ለክፍሉ ስጥ።

የመልካም ዳክ መዛባት ከሺህ አንድ እጅ በመቶም በታች ሊሆን ይችላል። ስፒከር ግን በቤዝ ክልል፣ ድምፁ ከፍ ሲል፣ 1 በመቶና ከዚያ በላይ ያዛባል፤ ይህ ከዳኩ በሺህ የሚቆጠር እጥፍ ነው። ክፍሉ ደግሞ ከሁለቱም ይብሳል። የአዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ሳሎን ወለሉ ሴራሚክ፣ ግድግዳው ባዶ፣ ቅርጹ ብዙ ጊዜ ጠባብ ነው። በእንዲህ ያለ ቤት አንድ የቤዝ ኖታ ከሌላው በ10 ዴሲቤልና ከዚያ በላይ ጎልቶ ሊሰማ ይችላል። ምንጣፍ አንጥፍ፤ ወፍራም መጋረጃ ስቀል፤ ከተቀመጥክበት ጀርባ የመጻሕፍት መደርደሪያ አቁም። ስፒከሮቹን ከግድግዳ ግማሽ ሜትር ያህል አርቅ፤ ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣው ክፍላቸው ከጆሮህ ቁመት ይሁን፤ አንተና ሁለቱ ስፒከሮች እኩል ሦስት ማዕዘን ሥሩ። ከአንድ ቅዳሜ ሥራ በኋላ የምትሰማው ለውጥ ከማንኛውም ዳክ ለውጥ ይበልጣል። ስለዚህ ከመቶ ብርህ ሰማንያውን ለስፒከርና ለክፍሉ መድብ ብልህ አላጋነንኩም።

10. ስትገዛ።

የመመለሻ ጊዜ ከሚሰጥ ሻጭ ግዛ። ውጭ አገር የተገዛ ዕቃ ዋስትናው ብዙ ጊዜ በተሸጠበት አገር ብቻ የሚሠራ ስለሆነ፣ ቢበላሽ የትራንስፖርቱን ወጪ አስብ። ያገለገለ ዳክ መግዛት አያስፈራም፤ ዳክ የሚሽከረከር ክፍል የለውምና ቶሎ አያረጅም። በወደዱት ጊዜ ገዝተው ሌላ የሚያስመኛቸው ሰዎች በግማሽ ዋጋ ይሸጡታል። ገዝተህ ስትጨርስ የዋጋውን ዜና መከታተል ተው፤ ሙዚቃውን ስማ።

11. የተረፈህን ገንዘብ ለካሴቶቹ አውለው።

ይህን ለመጨረሻ ያቆየሁት ከሁሉ የምጨነቅበት ስለሆነ ነው። በየቤታችን ሳጥን ውስጥ የሚያረጅ ካሴት አለ፤ በሠርግ የተቀረጸ፣ በለቅሶ የተቀዳ፣ የአያት ትረካ፣ ዛሬ በየትም የማይገኝ የአዝማሪ ሥራ። የቴፑ ማግኔት በየዓመቱ ይደክማል፤ ቴፑን የሚደግፈው ጨርቅ ይለቃል፤ ቴፑ ይጣበቃል። ለአንድ ውድ ዳክ የምታወጣው ገንዘብ መልካም የቴፕ ማጫወቻ ያስጠግናል፤ ከድምፅ ወደ ቁጥር የሚለውጥ መቅጃም ይገዛል።

አሠራሩ ቀላል ነው። ቴፑን የሚያነበውን ሄድ የተባለ ክፍልና ቴፑ የሚያልፍበትን ሁሉ በጥጥና በንጹሕ አልኮል ጥረግ። ለእያንዳንዱ ካሴት ከሄዱ አጠገብ ያለችውን ትንሽ ብሎን በዝግታ እያዞርህ ቀጭኑ ድምፅ ይበልጥ የጠራበት ላይ አቁማት፤ ካሴቶች በተለያየ መቅረጫ ስለተቀረጹ የሁሉም ዝንባሌ አንድ አይደለም። በ24 ቢት፣ በ48 ኪሎ ኸርዝ ቅዳ፤ ከፍተኛው ድምፅ ከጣራው 6 ዴሲቤል ያህል ዝቅ ይበል። ፋይሉን በዌቭ ወይም በፍላክ አስቀምጥ፤ ጭርጭርታውንና ሽሽ የሚለውን ድምፅ ከዋናው ቅጂ ላይ አታጥፋ። ማን እንደ ዘፈነ፣ የት፣ መቼ እንደተቀረጸ፣ ማን እንደነገረህ ከፋይሉ ጋር ጻፍ። ቅጂውን በሁለት ቦታ፣ በተለያየ ቤት አኑር። የተቀዳውን ድምፅ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ አትበትን።

ልጄ፣ መቶ ዶላር አካባቢ የሚሸጥ አንድ ዳክ ግዛና አጀማመርህን በዚያ አድርግ፤ ቀጥለህም ለአያቶችህ ደውለህ «ካሴቶቹ የት ናቸው?» ብለህ ጠይቅ።